ባህር ዳር ያላችሁ፣ እህቴ ከኩላሊቷ በላይ 9 ሴንቲ እጢ ተገኘባት፣ በመርፌ ይነካ ወይስ አይነካ?

የጣና_ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ረጅም ነው ይቅርታ፣ ግን ሳላሳጥር ልፃፈው፣ የቱ እንደሚጠቅም የቱ እንደማይጠቅም አላውቅማ።

እህቴ ናት። 36 አመቷ ነው፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ባህር ዳር ነው ምትኖረው፣ ከዘጌ ቡናና ጌሾ በጀልባ እያስመጣች ገበያ ትሸጣለች። እኔ ስራዬ ደብረ ማርቆስ ስለሆነ አብዛኛውን በስልክ ነው ምንገናኘው። ታህሳስ ላይ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ፣ "ሄሎ" ሲል "ማን ልበል?" አልኩ። "ኧረ እኔ ነኝ ሆዴ" አለች፣ የጎረቤት ስልክ ተውሳ ነው። የገዛ እህቴን እኮ ነው በድምፅ ያጣኋት፣ ወንድ ነው የመሰለኝ። ጉንፋን ነው ብላ ሳቀች። በሳምንቱ ስደውል ጉንፋን፣ በወሩም ጉንፋን።

ለአስተርዮ ማርያም ሄድኩና በሯን ስትከፍትልኝ ዝም ብዬ ቆምኩ። ፊቷ ድፎ ዳቦ መስሏል፣ ቀልቷል፣ ሆዷ ወጥቷል፣ እግሯና ክንዷ ግን ቀጥኗል። ጎረቤቶቿ ደሞ "ተመቸሽ፣ ወፈርሽ" እያሉ ያመሰግኗታል፣ ሰው ሲወፍር ታመመ ሚል የለማ በኛ አገር። ቡና አፍልታ ከበርጩማው ልትነሳ ስትል ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሞከረች፣ አልሆነላትም፣ ከዛ የትንሽዬዋን ልጅ ትከሻ ይዛ ነው የተነሳችው። ጀበናውን ስታስቀምጥ አጠገቧ ስለነበርኩ አገጯ ላይ ምላጭ የነካው ቆዳ አየሁ። ሳልጠይቃት ነው ያደርኩት፣ አፈርኩ። በኋላ እራሷ ነገረችኝ፣ ፂም እየበቀለባት በየሶስት ቀኑ ትላጫለች፣ ልጆቹ ሳይነሱ። የወር አበባዋም ከጥቅምት ጀምሮ ቀርቷል፣ አርግዛ መስሏት ሁለቴ ተመርምራ ነጌቲቭ ነው።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄዳ ግፊቷ 180/110፣ ስኳሯ በባዶ ሆድ 196 ተብሎ የግፊትና የስኳር መድሀኒት ሰጥተው ሸኟት። በቃ። ባንድ ጊዜ ሁለቱም ለምን መጣ ብሎ የጠየቀ የለም። ሌላ ቦታ ስትሄድ ደሞ "ለመወፈር ዴክሳ ትወስጂያለሽ አይደል?" ተባለች፣ በጣም ነው የተሰማት። እውነቱን ልናገርና እኔም ጠርጥሬ ቦርሳዋን ፈትሻለሁ። ምንም የለም።

ከዛ አንድ ሀኪም የፖታሲየም ምርመራ አዘዘላትና በጣም ዝቅ ብሎ 2.7 ሆኖ መጣ፣ ደንግጦ አልትራሳውንድ፣ ከዛ ሲቲ ስካን። ውጤቱ ላይ በግራ በኩል አድሬናል ሚባለው ላይ 9.4 በ 7.8 ሴንቲ ይላል፣ "36 ኤችዩ" ሚልም አለው፣ ጉበትና ሳንባ ንፁህ ነው። ሀኪሙ "እጢዋ ላይ እጢ አለ" ሲል እናቴ "ሁለት ነው እንዴ?" አለች። እኔም አልገባኝም ነበር፣ አድሬናል እራሱ በተፈጥሮ እጢ ነው ለካ፣ የበቀለውም እጢ ይባላል።

አሁን ጥያቄዬ። አንዱ ሀኪም ካንሰር መሆን አለመሆኑ እንዲለይ በመርፌ ይቀዳ ብሎ ኤፍኤንኤ ፃፈ። ሁለተኛው ወረቀቱን ሲያይ እሱን በእስክሪብቶ ሰርዞ ጀርባው ላይ የሆርሞን ምርመራ ዝርዝር ፃፈልን፣ ግማሹ ናሙናው አዲስ አበባ ሚላክ። ቤተሰብ "ይሄኛው እያጓተተን ነው፣ የጎረቤት ልጅ አንገቱ ላይ ሲያብጥ በመርፌ ቀድተው በሶስት ቀን ነው ቲቢ ነው ያሉት" ይላል። ማንን እንስማ? እናቴ ደሞ ሁለቱንም ትታችሁ ፀበል ውሰዷት ነው ምትለው።


እትዬ_ከሽምብጥ

ልጄ አይዞህ፣ እህትህን ኪዳነ ምህረት ትማርልህ። እናትህ ልክ ናቸው እላለሁ፣ እኔ በፀበል የዳነ ሰው በአይኔ አይቻለሁ። ግን የሀኪሙንም አትተዉ፣ እኔም ለስኳሬ ፀበሉን ጠጥቼ ኪኒኔን እውጣለሁ፣ አባም አትተይ ነው ያሉኝ። ደሞ አሁን ፁም ነውና መድሀኒቷን እንዳትዘል ንገራት፣ የታመመ ሰው ፁም አይያዝም።


ሀኪም_በእረፍቱ

ወንድሜ መጀመሪያ እህትህን እግዜር ይማራት። የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ነኝ፣ ሳላያት ስለሆነ ምፅፈው እንደዛው አድርገህ ውሰደው። በአጭሩ ግን እስክሪብቶ ያነሳው ሀኪም ልክ ነው። መርፌው ይቆይ።

ኤፍኤንኤ ለአንገት እብጠት በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ አገራችን ላይ ቲቢ ስለሚበዛ ሁሌም ምንሰራው እሱን ስለሆነ እጃችን ለምዶታል። አድሬናል ግን ሌላ ነው። አድሬናል ከየኩላሊቱ አናት ላይ የተቀመጠች ትንሽ ነገር ናት፣ ውጪኛው ክፍሏ ኮርቲሶል፣ አልዶስትሮንና ትንሽ የወንድ ሆርሞን ያመርታል፣ ውስጠኛው አድሬናሊን። እጢው ከውስጠኛው ክፍል የበቀለ ከሆነ ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል፣ እሱን ሳታውቅ በመርፌ ብትነካው የያዘውን አድሬናሊን ባንዴ ደም ውስጥ ይለቀዋል፣ ግፊት 250 ምናምን ገብቶ በሽተኛው እዛው አልጋ ላይ ሊሞት ይችላል። ከውጪኛው ክፍል የሆነ ካንሰር ከሆነ ደሞ መርፌው ሽፋኑን ቀዶ ሴሉን ሆድ ውስጥ ሊያፈሰው ይችላል። ይሄን ሁሉ አደጋ ተሸክመህ ውጤቱ ራሱ አይረባም፣ ምክንያቱም በመርፌ ጫፍ በሚወጣ ቁራጭ አዴኖማ ሚባለውን ጤነኛ እጢና ካንሰሩን ፓቶሎጂስቱ መለየት አይችልም። እጢው ሙሉውን ወጥቶ ነው ሚታየው፣ ዌይስ ሚባል ነጥብ አሰጣጥ አለ፣ 9 ነገር ይታያል፣ 3 እና ከዛ በላይ ከተገኘ ካንሰር ነው ይባላል። ስለዚህ ለብዙው ሰው "ናሙናው" ኦፕራሲዮኑ ራሱ ነው። መርፌ ሚገባው ሌላ ቦታ ካንሰር ኖሮ ወደዛ ተዛምቶ ይሆን ተብሎ ሲጠረጠር ምናምን ነው፣ ያኔም ፊዮ አለመሆኑ ተረጋግጦ።

አሁን የፃፍከውን ላንብብልህ። አንድ ሰው ፊቱ ክብ ሆኖ፣ ሆዱ ወጥቶ፣ ከበርጩማ መነሳት አቅቶት፣ ግፊትና ስኳር አብሮ ከመጣ ኮርቲሶል በዝቷል ማለት ነው፣ ኩሺንግ ይባላል፣ ሀርቬይ ኩሺንግ ሚባል የአሜሪካ ቀዶ ሀኪም በ1932 ስለፃፈበት። አገራችን ላይ ኩሺንግ ስናይ ቀድመን ዴክሳና ፕሬድኒሶሎን (እንደ ኮርቲሶል ሚሰሩ መድሀኒቶች ናቸው) ምንጠይቀው ሰው ለመሳደብ አይደለም፣ አብዛኛው በመድሀኒት ሚመጣ ስለሆነ ነው፣ ለመወፈርና ለፊት ቅባት ሚጠቀመውን ታውቃለህ። ግን አጠያየቁ ላይ ስርአት ያስፈልጋል፣ እህትህ ብትቀየም አልፈርድባትም። እና ዴክሳ ሚወስድ ሰው የራሱ አድሬናል ስለሚተኛ የወንድ ሆርሞኑ ዝቅ ነው ሚለው፣ ፂም አውጥቶ ድምፅ አያወፍርም። እህትህ ላይ ኮርቲሶሉም የወንድ ሆርሞኑም ባንድ ላይ ወጥቷል፣ ያውም በአምስት ስድስት ወር። ሴቶች ላይ ፂም ሚያበቅል ሌላ ብዙ የተለመደ ነገር አለ፣ እንቁላል ማምረቻው ላይ ሚመጣ፣ እሱ ግን ከጉርምስና ጀምሮ በአመታት ቀስ እያለ ነው። በወራት ውስጥ ድምፅ ከተቀየረ ልብ በል። አንተ በስልክ የሰማኸው ነገር ከሲቲው ያልተናነሰ ምርመራ ነበር።

ሲቲው ላይ ያለው 36 ደሞ የጥግግት ቁጥር ነው። ውሃ ዜሮ ነው፣ ቅባት ከዜሮ በታች። ጤነኛው አዴኖማ ውስጡ ቅባት ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይ ከዛ በታች ይመጣል። 36 ካንሰር ነው ማለት አይደለም፣ ፊዮም ከፍ ይላል፣ ግን "ጤነኛ ነው፣ እንተወው" አያስብልም። መጠኑ ከ4 ሴንቲ ሲያልፍ እንጠነቀቃለን፣ ከ6 ሲያልፍ በጣም፣ እሷ 9.4 ናት።

ልሸፋፍንልህ አልፈልግም፣ ይሄ ሁሉ ሲደመር ምጠረጥረው አድሬኖኮርቲካል ካርሲኖማ ሚባለውን ነው። በአመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይ ሁለት ነው ሚይዘው፣ ከ5 አመት በታች ያሉ ህፃናትና 40ዎቹና 50ዎቹ ላይ ያሉ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ከወንድ ሴት ላይ። አንድ ጠቅላላ ሀኪም እድሜ ልኩን ሰርቶ ላያየው ይችላል፣ የመጀመሪያው ክሊኒክ ግፊትና ስኳሩን ለየብቻ ያከመው ለዛ ይሆናል። ጉበትና ሳንባዋ ንፁህ መሆኑ ግን ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የሆርሞኑ ዝርዝር ማጓተት አይደለም፣ እሱ ሳይታወቅ ቀዶ ጥገና ክፍል ማስገባት ነው አደጋው። በዚህ ሳምንት ጨርሱት፣ ፖታሲየሟን ደሞ በየሁለት ቀኑ አስለኩላት፣ በ2.7 ልብ ምቱን ሊያዛባ ይችላል፣ ዛሬ መድሀኒት ካልተጀመረላት ዛሬውኑ ሄዳችሁ አስጀምሩ።


ላብ_ፔዳ_ሰፈር

ዶክተሩ ጨርሶታል፣ እኔ ላብራቶሪ ስለምሰራ አሰራሩ ላይ ልጨምር ምክንያቱም ሆርሞን ሚበላሸው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ቤት ነው።

ዝርዝሩ ላይ የዴክሳ ምርመራ ካለ (ይኖራል) ማታ በ5 ሰዓት 1 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን ትውጣለች፣ 0.5 ከሆነ ያገኛችሁት ሁለት ፍሬ፣ ከዛ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደም። ጤነኛ ሰው ኮርቲሶሉ በዛ ምክንያት ይወርዳል፣ ከ1.8 በታች ይሆናል። እጢው እራሱ ካመረተው ግን ዴክሳውን አይሰማም። 2 ሰዓት ስንል 2 ሰዓት ነው፣ አንዱ ወረፋ ይቀለኛል ብሎ 5 ሰዓት ላይ መጥቶ እኔ ነኝ የተሰደብኩት። የወሊድ መከላከያ ኪኒን ምትውጥ ከሆነ ቀድማ ትናገር፣ ሚዋጠው ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ኮርቲሶሉን በውሸት ከፍ ያደርገዋል። የቲቢ መድሀኒት ማለትም ሪፋምፒሲን ምትወስድም እንደዛው፣ ዴክሳውን ጉበት ላይ ቶሎ ይጨርሰውና ውጤቱ ያሳስታል።

ሁለተኛው የ24 ሰዓት ሽንት ነው፣ ሜታኔፍሪን ሚባለው፣ ዶክተሩ ያለውን ፊዮ ሚለየው እሱ ነው። እቃውን ከላብራቶሪ ውሰዱ፣ በራሳችሁ ሃይላንድ ወይ የዘይት ጀሪካን እንዳታመጡ። ታቹ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ካለ አሲድ ነው፣ ሆን ተብሎ የገባ ነው፣ አንዲት እናት "ቆሻሻ ውሃ ቀርቶበት ነበር" ብላ አጥባው ነው ያመጣችልኝ። ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያውን ሽንት ትድፋውና ሰዓቱን ፃፉ፣ ከዛ በኋላ ያለውን በሙሉ፣ የሌሊቱንም፣ በማግስቱ እስከዛው ሰዓት ያለውን ጨምሮ እዛው ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ቦታ። ገበያ እሄዳለሁ ካለች የዛን ቀን አትሂድ፣ ዘጌም እንዳትሻገር። ጀልባ ላይ ሆኜ አንዴ ብቻ ነው ያመለጠኝ ሚሉ አሉ፣ አንዴ ካመለጠ እንደገና ከዜሮ ነው። አሚትሪፕቲሊን ምትወስድ ከሆነም ለሀኪሙ ንገሩት፣ ያበላሸዋል።


ባጃጅ_74

ይሄን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። እኔ አምና ለኩላሊት ጠጠር ሲቲ ተነስቼ "በተጨማሪ አድሬናል ላይ እጢ" ሚል ወረቀት ሰጡኝና ኑዛዜ ልፅፍ ምንም አልቀረኝም፣ ባጃጇን ለማን እንደምሰጥ ሁሉ አስቤ ነበር። የኔ 2.1 ሴንቲ፣ ቁጥሩ 7። የዴክሳውንም ሰራሁ ንፁህ፣ ግፊት የለብኝም ስለተባለ ሌላው አላስፈለገም። "ምንም አይልህም፣ ሂድ ስራህን ስራ" አሉኝ። እና ለጠያቂው ተስፋ ይሁነው ብዬ ነው፣ ሁሉም ካንሰር አይደለም።


ሀኪም_በእረፍቱ

ባጃጅ እንኳን ደስ አለህ፣ ያንተ አይነቱ ነው ሚበዛው፣ ለሌላ ነገር ከሚነሱ 100 ሲቲዎች አራት አምስቱ ላይ እንደዛ ያለ ነገር ይታያል፣ አብዛኛው ዝም ብሎ ሚቀመጥ ነው። ግን ያንተን 7 እና የሷን 36 ባንድ አታስቀምጣቸው፣ በዚህ ተስፋ ተደርጎ ሁለት ወር እንዳይጠፋ።


አስረስ_የቀበሌ13

ይቅርታ ጥያቄ፣ ቲቢ ሊሆን አይችልም? አድሬናልንም ይይዛል ሲሉ ሰምቼ ነው። ከሆነ በኪኒን ይድናል እኮ።


ሀኪም_በእረፍቱ

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይይዛል። ቶማስ አዲሰን ሚባል እንግሊዛዊ በ1855 ስለ አድሬናል በሽታ ሲፅፍ ካያቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቲቢ የበላባቸው ነበሩ። ግን ቲቢ አድሬናሉን ያጠፋዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጎን። ሰውየው ይከሳል፣ ይጠቁራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጨው ጨው ይለዋል። እሷ ላይ ያለው የዛ ተቃራኒ ነው። "እስቲ የቲቢ መድሀኒት ለሁለት ወር እንሞክር" ሚል ሰው ካጋጠማችሁ እሺ አትበሉ።


የጣና_ማዶ (ጠያቂ)
ከ16 ቀን በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ላብ ፔዳ ሰፈር በተለይ አንተን/አንቺን፣ ሽንቱን እኔ እራሴ ፈቃድ ጠይቄ መጥቼ ነው የጠበቅኩት። ቀኑን ሙሉ ጀሪካኗን በርጩማ ስር እርጥብ ጆንያ አልብሰን አስቀምጠን እሷ "የእንቁላል ዶሮ አደረጋችሁኝ" እያለች ስትስቅ ነበር። ማታ 5 ሰዓት ዴክሳውን እኔ ነኝ የሰጠኋት። ያን ቦርሳዋን የፈተሽኩባትን ኪኒን በእጄ ሳጎርሳት ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም፣ ያኔ ነው የነገርኳት። "አውቄያለሁ፣ ዚፑን ሳትዘጋው ነው የሄድከው" አለችኝ።

ውጤቱ፣ ከዴክሳው በኋላ ኮርቲሶል 24። ኤሲቲኤች ሚባለው፣ ከጭንቅላት አድሬናልን ሚያዘው ሆርሞን፣ በጣም ዝቅ ያለ። ዲኤችኢኤ ሚባለው የወንድ ሆርሞን ማሽኑ ከሚለካው በላይ። ሜታኔፍሪን ኖርማል፣ ስለዚህ ፊዮ አይደለም። ፖታሲየሟ በመድሀኒት 3.8 ገብቷል። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተፅፎልናል። መርፌውን የፃፈው ሀኪም ጋ ውጤቱን ይዤ ሄድኩ፣ ልጣላው አልነበረም ሀሳቤ፣ አየውና "ጥሩ ነው ያልነካነው" አለኝ፣ ከዛ በኋላ ምንም ክፉ ሀሳብ የለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ሚሰራ ኦፕራሲዮን አለ እያሉን ነው ጠባሳው ትንሽ ስለሆነ፣ እሱን ብንጠይቅስ?


ሀኪም_በእረፍቱ

ኤሲቲኤቹ ዝቅ ማለቱ ትእዛዙ ከጭንቅላት እንዳልመጣ ነው ሚያሳየው፣ እጢው በራሱ ነው ሚያመርተው። ስለ ኦፕራሲዮኑ፣ በካሜራ ሚሰራው ለትንንሾቹ በጣም ጥሩ ነው። በዚህ መጠን ካንሰር ከተጠረጠረ ግን ሆድ ተከፍቶ፣ ሽፋኑ ሳይቀደድ፣ በዙሪያው ካለው ስብ ጋር ሙሉውን ቢወጣ ነው ሚመረጠው። የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን ነው ሁሉን ሚወስነው፣ ከፈሰሰ በኋላ መሰብሰብ የለም። ስለ ጠባሳ አታስቡ፣ እንደዚህ አይነት እጢ ከዚህ በፊት ያወጣ ቀዶ ሀኪም ነው መጠየቅ ያለባችሁ። ሌላው፣ ቀኙ አድሬናሏ ለወራት ስራ ስለፈታ ተኝቷል፣ ግራው ሲወጣ ወዲያው አይነሳም። ከኦፕራሲዮኑ ሰዓት ጀምሮ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ማለትም ኮርቲሶሉን ሚተካው መድሀኒት፣ ካልተሰጣት ግፊቷ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ይሄንን ማደንዘዣ ሰጪውም ዋርዱ ላይ ያለችው ሲስተርም ማወቃቸውን በአፍህ ጠይቅ፣ ካርዱ ላይ ተፅፏል ብለህ አትመን።


እትዬ_ከሽምብጥ

ልጄ ስሟን በውስጥ ላክልኝ፣ የክርስትና ስሟን። ሀሙስ ኡራ ኪዳነ ምህረት ምንሻገር አለን።


የጣና_ማዶ (ጠያቂ)
ከ3 ወር በኋላ

እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴም አብራችሁ መሻገሯን በኋላ ነው የሰማሁት።

ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ተሰርቶላታል፣ አምስት ሰዓት ፈጀ፣ ሙሉውን ነው ያወጡት፣ ሽፋኑ አልተቀደደም። ቀዶ ሀኪሙ በስልኩ ፎቶውን አሳየኝ፣ የዘጌ ማንጎ ነው ሚያክለው፣ ቢጫ ሆኖ መሀሉ የጠቆረ። ፓቶሎጂው ለመድረስ ሶስት ሳምንት ፈጅቶ ዌይስ 6 ከ9፣ ኪ ስልሳ ሰባት ሚሉት፣ ሴሉ ምን ያህል እየተባዛ እንደሆነ ሚያሳየው፣ 15 በመቶ። ካንሰር ነው። ሊምፍም ደም ስርም አልገባም፣ ደረጃ 2 ብለው ፃፉት። እናቴ ሁለት ብቻ መሆኑን ስትሰማ እልል አለች፣ እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ።

አሁን ማይቶቴን ሚባል የዚህ ካንሰር መድሀኒት ጀምራለች፣ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረን አጥተነው በዘመድ ከውጭ ነው የመጣው። ስለሱ ሳነብ የዲዲቲ ዘመድ ነው ለካ፣ ያ ቤት ሲረጭ የነበረው የወባ መድሀኒት፣ ውሻ ላይ ሲሞከር አድሬናልን ሲያጠፋ አይተው ነው ከዛ የመጣው። ምግብ አስጠልቷታል፣ አሳ ጠረኑን አትችልም፣ ጣና ዳር ለሚኖር ሰው አስቡት።

ግፊት መድሀኒቷን ወደ ግማሽ ቀንሰውላታል፣ ስኳሩን ሙሉ በሙሉ አቁማለች። ፊቷ መልሶ የሷ ፊት ሆኗል። ከበርጩማ ብቻዋን ትነሳለች፣ ቪዲዮ ቀርፃ ልካልኛለች እንደ ህፃን። ፂሙም እየሳሳ ነው። ድምፁ ግን ያው ነው። ትናንት ስትደውል ትንሽዬዋ ልጄ ስልኩን አንስታ "አባ፣ አጎቴ ነው" አለችኝ፣ እሷ ወዲያ ማዶ ሰምታ ሳቀች። ዶክተር ይሄ ይመለሳል?


ሀኪም_በእረፍቱ

እግዜር ይመስገን፣ ሽፋኑ ሳይቀደድ መውጣቱ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኛል። ድምፁን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፣ ፀጉሩ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ የወፈረ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ የድምፅ አውታሩ ራሱ ስለሚወፍር። በየሶስት ወሩ ሲቲ ይነሳላታል፣ ከሱ ጋር የወንድ ሆርሞኗን ያስለኩ፣ እጢው ሊመለስ ካሰበ አንዳንዴ ከምስሉ ቀድሞ እሱ ነው ሚናገረው። እና አሁን ምግብ አስጠልቷታል ስላልክ ይሄን ፅፈህ ፍሪጁ ላይ ለጥፍላት። ማይቶቴን የቀረውንም አድሬናል ስለሚያዳክም ሃይድሮኮርቲሶኗን አንድም ቀን እንዳትዘል፣ መጠኑም ከሌላው ሰው ሊበዛ ይችላል፣ ትኩሳት ሲይዛት እጥፍ ትውሰድ። ካስመለሳትና ኪኒኑ ሆዷ ውስጥ ካልቆየ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፣ በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጠርታችሁ በቅርብ ያለ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷትና ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ ይሰጣት።


ባጃጅ_74

ቀበሌዋን በውስጥ ላክልኝ ወንድሜ፣ ስልኬን ትያዘው። ሌሊት እሰራለሁ።